የቅንድብ ፀጉር

«ጋሼ፣ ስካነሩ እያለ ትሎቹን ለምን አንድ በአንድ በእጅዎ ይነካኳቸዋል?» አለኝ በቅርቡ ቤተ ሙከራችን የገባው ወጣት ተመራማሪ። ልጁ አሜሪካ ተወልዶ ያደገ፣ አማርኛን ከእናቱ የተማረ ነው። ሥራ ላይ ስለነበርን አጠር አድርጌ መለስኩለት፤ ፊቱን ሳየው ግን አልረካም። ይህን ጥያቄ ከእሱ በፊትም ብዙዎች አንስተውብኛል፤ ጊዜዬን በከንቱ እንደማጠፋ ሊያስረዱኝ የሞከሩም አሉ። እንግዲህ መልሴን በሙሉ ልስጥ።

ስካነሩን አልነቅፍም። ኒኮላስ ስትሩስትሩፕ፣ ዋልተር ፎንታና እና ባልደረቦቻቸው በ2013 (ዓመቶቹን በሙሉ የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ይፋ ያደረጉት መሣሪያ በመሠረቱ ቢሮ ውስጥ ሰነድ የምናነሳበት ስካነር ነው። ትሎቹ የሚኖሩባቸው ሳህኖች መስተዋቱ ላይ ይደረደራሉ፤ መሣሪያው በየተወሰነ ጊዜ ምስል ያነሳል፤ ኮምፒውተሩ ምስሎቹን እያስተያየ፣ መንቀሳቀስ ያቆመችውን ትል ሞታለች ብሎ ሰዓቷን ይመዘግባል። በሺዎች የሚቆጠሩ ትሎችን ሌት ተቀን ይከታተላል፤ አይደክመውም፤ ለማንም አያዳላም። «መቼ ሞተች?» ለሚለው ጥያቄ እኔም እሱን እመርጣለሁ። በእርጅና ምርምር ውስጥ ግን ከጥያቄዎች ሁሉ ቀላሉ ይህ ነው።

ሎራ ሄርንደን፣ ሞኒካ ድሪስኮል እና ባልደረቦቻቸው በ2002 «ኔቸር» ላይ ያወጡትን ጽሑፍ አዲስ የሚመጣውን ሁሉ አስነብበዋለሁ። ሲ. ኤሌጋንስ የምንላትን ይህችኑ ትንሽ ትል በአረማመዷ በሦስት ምድብ ከፈሏት፤ በእኛ ፊደል ሀ፣ ለ እና ሐ እንበላቸው። ሀ እንደ ልቧ የምትንሸራሸረው ናት። ለ ካልነኳት አትነሳም። ሐ ጨርሶ ከቦታዋ አትላወስም፤ ስትነካ ራሷን ወይም ጅራቷን ብቻ ታወዛውዛለች። የሚገርመው ነገር በጂን አንድ የሆኑ፣ በአንድ ቀን የተወለዱ፣ ከአንድ ሳህን የበሉ ትሎች በአንድ ዕለት ሦስቱንም ዓይነት ሆነው መገኘታቸው ነው። ገና ምን ያህል እንደሚኖሩም ከልደት ቀናቸው ይልቅ ምድባቸው አብልጦ ይናገራል። ውስጣቸውን ሲመረምሩ ጡንቻቸው ፈራርሷል፤ ነርቮቻቸው ግን በሚያስደንቅ ሁኔታ ደህና ናቸው። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ሌሎች ቤተ ሙከራዎች የመዳሰሻ ነርቮቿን በቅርበት ሲያዩ በእርጅና ጊዜ ያልተለመደ ቅርንጫፍ እንደሚያወጡ ደርሰውበታል። ቢሆንም የነርቭ ሴሎቿ በጅምላ ሲሞቱ ያየ የለም።

ስካነር አይነካም። «ለ»ን ከ«ሐ» የሚለያቸው ደግሞ መነካት ነው።

አሁን ወደ ቅንድብ ፀጉሩ ልምጣ፤ እዚህ ላይ ከማንም ጋር እከራከራለሁ። ብዙ ሰው ትሏን የሚነካው ከሳህን ወደ ሳህን በሚያዛውርበት የፕላቲነም ሽቦ ነው። ሽቦው የተሠራው ለማንሳት ነው፤ ለመዳሰስ ግን ይከብዳል። ማርቲን ቻልፊና ጆን ሰልስተን በ1981 ንክኪ የማይሰማቸውን ትሎች ለይተው ያወጡት ትሎቹን በቅንድብ ፀጉር እየዳበሱ ነበር። ለስላሳውን ንክኪ የሚሰሙት ስድስት ነርቮች ብቻ ናቸው፤ የሽቦውን ጠንካራ ንክኪ የሚያውቁት ሌሎች ናቸው። ስለዚህ ፀጉሩን ያልሰማች ትል ሽቦውን ልትሰማ ትችላለች። በሽቦ ብቻ የሚሠራ ሰው ይህችን ትል ከጎረቤቷ አይለያትም። በፀጉር ብቻ የሚሠራው ደግሞ በሕይወት እያለች ከሞቱት ጋር ይቆጥራታል።

እኔ የምሠራው እንዲህ ነው። ፀጉሩ ከራሴ ቅንድብ ይነቀላል፣ በስቴኪኒ ጫፍ ላይ በሙጫ ይለጠፋል፣ በአልኮል ይጸዳል። ሽፋሽፍት የሚመርጡ አሉ፤ ለእኔ ይጠነክርብኛል። መጀመሪያ ከራሷ ዝቅ ብሎ ያለውን ገላዋን በስሱ አቋርጣለሁ፤ ጤነኛ ከሆነች ወደ ኋላ ትሸሻለች። ቀጥሎ ወደ ጅራቷ አጠገብ እሄዳለሁ፤ ወደ ፊት መፈትለክ ይገባታል። ዝም ካለች ሽቦውን አነሳለሁ። አሁንም ዝም ካለች እጄን ሰብስቤ ራሷን ብቻ እያየሁ እቆያለሁ። ለጀማሪ ከሁሉ የሚከብደው ይህ መቆየት ነው። ያረጀች ትል ትዘገያለች፤ ተቻኩሎ ወደ ቀጣይዋ ያለፈ ሰው መልሷን ሳያይ ያልፋል። ደብተሬ ላይም «አለች» ወይም «ሞተች» ብዬ አልጽፍም፤ ለየትኛው ንክኪ በየትኛው አካሏ እንደመለሰች እጽፋለሁ። ሳህኖቹ ላይ የተጻፈውን ስም አስቀድሞ ባልደረባዬ ይሸፍነዋል፤ የትኛዋ መድኃኒት እንዳገኘች ሳላውቅ ልቆጥር ይገባልና። ይህን ያላደረገ ሰው ያመጣውን ውጤት አላምንም።

«እጅህና እጄ ይለያያል፤ ይህ ሳይንስ አይሆንም» የሚለኝ አለ። እጅ መለያየቱ እውነት ነው። ጎርደን ሊትጎው፣ ድሪስኮል እና ፓትሪክ ፊሊፕስ ካሊፎርኒያ በሚገኘው የባክ ተቋም፣ በረትገርስና በኦሬገን ዩኒቨርሲቲዎች ያሏቸውን ቤተ ሙከራዎች አስተባብረው፣ አንዱ ሙከራ በሦስቱም ቦታ አንድ ውጤት እንዲሰጥ ለዓመታት ደክመዋል። በ2017 እንደጻፉት አንደኛው ቤተ ሙከራ የትሏን ዕድሜ ከእንቁላሉ መፈልፈል፣ ሌሎቹ ከእንቁላሉ መጣል ጀምረው ይቆጥሩ ነበር! ችግሩን የፈቱት አሠራራቸውን እስከ ጥቃቅኑ ጽፈው በማስማማት ነው። ማሽን ብቻ ገዝተው ቢሆን ኖሮ ይህ ልዩነት በማሽኑ ውስጥ ተደብቆ ይቀጥል ነበር፤ የልደት ቀኑን ለማሽኑ የሚነግረው ያው ሰው ነውና።

ኤፍዩዲአር ስለተባለው ሌላ አቋራጭ ብዙ አልናገርም። የካንሰር መድኃኒት ነው፤ ሳህን ላይ ሲጨመር እንቁላሎቹ እንዳይፈለፈሉ ስለሚያደርግ እናቶቹን ከልጆቻቸው የመለየት ድካም ያስቀራል። ነገር ግን በአንዳንድ የትል ዝርያዎች ላይ ራሱ ዕድሜ ያረዝማል። ዕድሜን ለመለካት ዕድሜን የሚነካ መድኃኒት መጨመር አይዋጥልኝም፤ እናቶቹን በየጊዜው በእጄ አዛውራለሁ።

ከዚህ የሚከብደው የጠፉት ጉዳይ ነው። የሳህኑን ግድግዳ ወጥታ የደረቀች ትል አለች። እንቁላሎቿ ሆዷ ውስጥ ተፈልፍለው ልጆቿ የበሏት አለች። እነዚህ በእርጅና አልሞቱም፤ ቢሆንም እስከዚያች ቀን ኖረዋልና የጠፉበት ቀን ተጽፎ በስሌቱ ውስጥ መግባት አለባቸው። ካፕላንና ማየር በ1958 ያወጡት ዘዴ ለዚሁ የተመቸ ነው። ጽሑፍ ስገመግም መጀመሪያ የማየው የጠፉትን ቁጥር ነው። ያልተጻፈ ከሆነ ጽሑፉን እመልሳለሁ።

ትል በዓል አታከብርም። አንድ ዓመት በትንሣኤ ሌሊት ቅዳሴ እንዳበቃ ነጠላዬን እንደለበስኩ፣ ሳልፈስክ ወደ ቤተ ሙከራ ሄድኩ። በር ላይ ያለው ጥበቃ ያገሬ ሰው ነው። «እንኳን አደረሰህ» ተባባልን። ምን እንዳመጣኝ ጠይቆኝ ስነግረው ዝም ብሎ ቆየና «ታዲያ ለመርሳት በሽታ ያገኛችሁት ነገር አለ?» አለኝ። እናቱ አገር ቤት ናቸው፤ በስልክ ሲያገኛቸው ስሙን እየሳቱበት ነው። በዚያ ሌሊት የሰጠሁት መልስ አሁንም የማምንበት ነው፦ በትል ላይ የሠራ መድኃኒት ሁሉ ለእናትህ ይሠራል የሚልህን ሰው አትመን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ክሪስቶፈር ሊንክ በ1995 የሰውን ቤታ አሚሎይድ፣ ማለት በአልዛይመር ሕሙማን አንጎል ውስጥ የሚከማቸውን ፕሮቲን፣ በትሏ የገላ ጡንቻ ውስጥ እንዲመረት አደረገ። እንዲህ ያሉት ትሎች እያደር ሽባ ይሆናሉ። ትልቅ ሥራ ነበር፤ ፕሮቲኑ ሲጠራቀም ሴል ምን እንደሚሆን እንድናይ በር ከፈተልን። በ2011 የሊትጎው ቡድን አሚሎይድን ለማቅለም የምንጠቀምበት ቲዮፍላቪን ቲ የተባለ ቀለም የትሏን ዕድሜ እንደሚያረዝምና ይህንኑ ሽባነት እንደሚያዘገይ ያሳየው በዚህ መንገድ ነው። ነገር ግን ሽባ የሆነው ጡንቻ ነው። የልጇን ስም የምትረሳ ትል የለችም። ሽባነቱ ዘገየ ብሎ «አልዛይመርን አዳነ» የሚል ርዕስ የሚሰጥ ሰው፣ በር ላይ ባለው ጥበቃ ተስፋ ላይ እየነገደ ነው። ያየነውን እንጻፍ፤ ያየነው የጡንቻ ሽባነት ከሆነ የጡንቻ ሽባነት እንበለው።

የዕድሜ መርዘምም እንዲሁ ነው። ሲንቲያ ኬንየን በ1993 ዳፍ-2 የተባለው ጂን የተለወጠባት ትል ከእጥፍ በላይ እንደምትኖር ስታሳይ ዓለም ተደነቀ፤ መደነቁም ተገቢ ነው። በ2015 ግን የሃይዲ ቲሰንባም ቤተ ሙከራ፣ ዕድሜያቸው የረዘመ ትሎች ከተጨመረላቸው ጊዜ ብዙውን በድካም እንደሚያሳልፉት ጻፈ። ክርክሩ አልተቋጨም፤ ሌሎች በሌላ መለኪያ ተቃራኒውን አግኝተዋል። የሞት ሰዓትን ብቻ የሚመዘግብ መሣሪያ በዚህ ክርክር ውስጥ የሚለው ነገር የለውም።

ሙያው ለእኔ ምን እንደሆነ የገባኝ እናቴ ስትታመም ነው። ደብረ ብርሃን ነበረች። ወንድሞቼ በስልክ «ጃጅታለች፣ ዕድሜዋ ነው» ይሉኝ ነበር። በጂን አንድ ሆነው፣ በአንድ ቀን ተወልደው አንዷ ስትፈተለክ አንዷ ተጋድማ እያየሁ ለኖርኩት «ዕድሜዋ ነው» መልስ ሊሆነኝ አልቻለም። ዕድሜዋን ማን አጣው? የጠፋኝ በምን መንገድ እየደከመች እንደሆነ ነው።

ታናሽ እህቴን ደብተር እንድትገዛ ለመንኳት። በየቀኑ ሦስት ነገር እንድትጽፍ፦ እናታችን በራሷ የሠራችው፣ ስትጠራ ወይም ስትታገዝ የሠራችው፣ ታግዛም ያልሆነላት። ቡናውን ራሷ ቆላች ወይ? ነጠላዋን ማን አለበሳት? እህቴ የሳይንስ ሰው አይደለችም፤ ግን እንደ እሷ ያለ ታማኝ መዝጋቢ አላየሁም። ወደ ሐኪም ሲሄዱ ደብተሩን ይዛ ሄደች። ሐኪሙ ገጽ በገጽ አነበበው። ከደብተሩ እንደታየው እናቴ በዝግታ አልወረደችም፤ ለሳምንታት ባለችበት ትቆይና በአንድ ጠዋት ድንገት ታሽቆለቁላለች፣ ከዚያ እንደገና ትቆያለች። እንዲህ ያለው አወራረድ በአንጎል ውስጥ በሚደርሱ ትናንሽ ስትሮኮች እንደሚመጣ ሐኪሙ ያውቅ ነበር። የደም ግፊቷን ሲለካ ከፍተኛ ነበር፤ መድኃኒት ጀመረችና ክትትሉ ቀጠለ። የጠፋው አልተመለሰም። ድንገተኛው ማሽቆልቆል ግን ለረጅም ጊዜ ቆመ፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ መጥቼ አብሬያት ቡና ጠጣሁ፤ ስሜንም ጠራችኝ።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በ2021 በዓለም ላይ ከመርሳት በሽታ ጋር የሚኖሩት 57 ሚሊዮን ሰዎች ነበሩ፤ ከእነዚህም ከ60 በመቶ በላይ የሚሆኑት ያሉት ገቢያቸው ዝቅተኛና መካከለኛ በሆኑ አገሮች ነው። የታይሮይድ ችግር፣ የቫይታሚን ቢ12 እጥረትና የድባቴ ሕመም የመርሳት በሽታን ይመስላሉ፤ ሁሉም ሕክምና አላቸው። ስለዚህ ቤታችሁ ውስጥ እየተለወጡ ያሉ አባት ወይም እናት ካሉ ነገ ጠዋት አንድ ደብተር ግዙ። ብቻቸውን የሚችሉትን፣ ሲታገዙ የሚችሉትን፣ ታግዘውም የማይችሉትን ከነቀኑ ጻፉ። ከዚያ ደብተሩን ይዛችሁ ሐኪም ዘንድ ውሰዷቸው፤ ሐኪሙ ባይጠይቃችሁም አውጥታችሁ ስጡት።