ልጄ መቼ ነው የሚጫወተው?

እንበልና አንድ የቫዮሊን መምህር የአዲስ አበባ የቤት ኪራይ ሲያማርረው ዕቃውን ሸክፎ ደነባ ገባ። (ለምን ደነባ እንዳትሉኝ፤ ቫዮሊን ከቦሌ እንዳይወጣ የሚከለክል አዋጅ የለም።) ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ አንዲት ክፍል ተከራየ፤ በሯ ላይም ‹‹ቫዮሊን እናስተምራለን›› የሚል ወረቀት ለጠፈ። ጤፍና ምስር ነግዶ ያለፈለት አባት የ7 ዓመት ልጁን እጁን ይዞ መጣ። የመጀመሪያ ጥያቄው ስለ ዋጋ ይመስላችኋል? አይደለም።

‹‹መምህር፣ ልጄ መቼ ነው የሚጫወተው?››

ሁለተኛው ጥያቄ ልጁ እንዳይሰማ ዝግ ተብሎ የሚጠየቅ ነው። ‹‹መቼም አዝማሪ አያደርጉብኝም አይደል?››

መምህሩም ነጋዴውም የእኔ ፈጠራ ናቸው። ሁለቱ ጥያቄዎች ግን ፈጠራ አይደሉም። ከሲያደብርና ዋዩ እስከ ሳር ቤት፣ ልጁን ሙዚቃ ሊያስተምር የሚነሳ ወላጅ በልቡ ይዟቸው የሚመጣ ናቸው። እንግዲህ በየተራ እንያቸው።

መቼ ነው የሚጫወተው? ሐቀኛ መምህር ለዚህ የሚመልሰው መልስ ገበያ አያመጣለትም። ቫዮሊን ክፉ መሣሪያ ነው። ጊታር ላይ ጣት የሚያርፍበት ቦታ በብረት ተከፋፍሏል። ክራርም አንዴ በደንብ ከተቃኘ ድምፁን አይነሳህም። ቫዮሊን ላይ ግን ምንም ምልክት የለም፤ ጣት በሁለት ሚሊሜትር ከሳተ ድምፁ ይስታል። ዳኛው ጆሮ ብቻ ነው። በዚያ ላይ ቀኝ እጅ አለ። አውራ ጣት ጎበጥ፣ ትንሿ ጣት ቀስቱ ጫፍ ላይ ቀለል፣ ቀስቱ ከክሩ ጋር ቀጥ ብሎ መስቀል እየሠራ... ይህን ለማስያዝ ወራት ይፈጃል። በእነዚህ ወራት ቤት ውስጥ የሚሰማው ድምፅ ያው ያልተቀባ የበር ማጠፊያ ነው። አባት ደግሞ በየወሩ ይከፍላል። ለበር ማጠፊያ!

ስለዚህ ሁለተኛ ዓይነት መምህር ተፈጠረ። ይኼኛው ዘዴኛ ነው። በቫዮሊኑ አንገት ላይ ባለቀለም ወረቀት ይለጥፍና፣ ‹‹ቀይ ላይ፣ ቢጫ ላይ›› እያለ በአንድ ወር የልደት መዝሙር ያስጨርሳል። ልጁ ጋዋን ለብሶ ከመዋዕለ ሕፃናት ሲመረቅ ይጫወታል፤ ዘመድ ያጨበጭባል፤ ቪዲዮ ይቀረጻል። ጆሮው ግን ሥራ ፈቷል፤ ዓይኑ ነው የተጫወተው። ግራ የእጅ አንጓው ተጣጥፎ የመሣሪያውን አንገት እንደ ከዘራ ጨብጧል። ከሁለት ዓመት በኋላ ሌላ መምህር ይህን አቃናለሁ ቢል ከዜሮ መጀመር ይሻለው ነበር። እኔ ይህን ማጭበርበር ነው የምለው፤ ግን አጭበርባሪው መምህሩ ብቻ አይደለም። አጭበርብረኝ ብሎ የከፈለው አለ።

ጃፓናዊው ሺኒቺ ሱዙኪ (እ.ኤ.አ. 1898-1998) ይህን ጉዳይ በሌላ በኩል ነው የያዘው። አባቱ የቫዮሊን ፋብሪካ ነበራቸው፤ እሱ ግን መጫወት የጀመረው በ17 ዓመቱ ገደማ ነው። በኋላ ሕፃናትን ማስተማር ሲጀምር ያስደነቀው ነገር በጣም ተራ ነበር፤ የጃፓን ልጆች ሁሉ ጃፓንኛ ይናገራሉ! ማንም ሰዋስው ሳያስተምራቸው፣ ሰምተው፣ ደጋግመው። እንግዲያው ሙዚቃም እንደ አፍ መፍቻ ቋንቋ ይማር አለ። ልጁ ገና በ3 እና በ4 ዓመቱ ለቁመቱ የተሠራ ቫዮሊን ይሰጠዋል፤ ዜማውን ከመንካቱ በፊት አብዝቶ ይሰማዋል፤ ኖታ ማንበብ ቆይቶ ይመጣል። ከሁሉ የሚገርመው፣ መጀመሪያ የምትማረው እናቲቱ ናት። ልጁ እናቱ ስትጫወት እያየ ‹‹ለእኔስ?›› እስኪል ይጠበቃል።

ዓለም ይህን ሲሰማ ‹‹አዲስ ዘዴ!›› ብሎ ተቀበለው። እኛ ግን ልንደነቅ አይገባም ነበር። የአዝማሪ ቤት ልጅ ከዚህ ሌላ በምን ተምሮ ያውቃል? አባቱ ማሲንቆ ሲገዘግዝ እያየ፣ እናቱ ስታቀነቅን እየሰማ ያድጋል፤ እጁ መያዝ ሲችል ትንሽ ማሲንቆ ይሰጠዋል። ሰዋስዉ አልተጻፈም፤ ተሰምቷል። የቆሎ ተማሪውም ዜማውን ከመምህሩ አፍ ነው የሚቀበለው። ሱዙኪ ማትሱሞቶ ላይ ያቋቋመውን እኛ በየገጠሩ ስንኖርበት ኖረናል። ከዚያ ግን ሁለተኛውን ጥያቄ ጠየቅን፤ ‹‹አዝማሪ አያደርጉብኝም አይደል?››

እዚህ ላይ ነው ነገርዬው የሚያመኝ። የደነባው አባት (የፈጠርኩት) ለቫዮሊን ሲከፍል የሚኮራውን ያህል ልጁ ማሲንቆ ቢያነሳ ያፍራል። ሁለቱም በፈረስ ጭራ ቀስት የሚገዘገዙ፣ ሁለቱም ምልክት አልባ፣ ሁለቱም በጆሮ የሚዳኙ ወንድማማቾች ናቸው። አንዱ የሰለጠነ፣ አንዱ የጠጅ ቤት የተባለው በድምፁ አይደለም፤ በጨዋነት ሚዛናችን ነው።

ይህ ንቀት ትምህርት ክፍል ውስጥም ይገባል። ብዙ መምህር ከውጭ በመጣው መጽሐፍ ገጽ አንድ ይጀምርና የፈረንጅ መዝሙር ያስጠናል። ልጁ ግን ባዶ ጆሮ ይዞ አልመጣም። ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልን ከሠርግ ቤትና ከሬዲዮ ጠጥቶ ነው የመጣው። እስቲ አንድ ነገር ልንገራችሁ። የቫዮሊን አራት ክሮች ሳይነኩ የሚሰጡት ድምፅ ሶል፣ ሬ፣ ላ እና ሚ ነው። ትዝታ ሜጀርን ከሶል ብትነሱ የምትፈልጓቸው አምስት ድምፆች ሶል፣ ላ፣ ሲ፣ ሬ፣ ሚ ናቸው። ቁጠሩልኝ! ከአምስቱ አራቱ ባዶ ክሮቹ ላይ አሉ። የቀረው ሲ ብቻ ነው፤ እሱም ላ ክር ላይ አንድ ጣት በማሳረፍ ይገኛል። በአንድ ጣት ሙሉ የትዝታ ቅኝት! ይህን በር ከፍቶ የማያስገባ፣ የደነባን ልጅ ሩቅ ዞሮ እንዲመጣ የሚያደርግ መምህር የልጁን ጊዜ እያባከነ ነው።

የውጭ መምህር ይቅር እያልኩ አይደለም። እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን አስቡ። በ1916 ዓ.ም. የተወለዱት የከንቲባ ገብሩ ልጅ ስዊዘርላንድ ሲላኩ የ6 ዓመት ሕፃን ነበሩ፤ ቫዮሊንን የያዙትም እዚያ ነው። ከጣሊያን ወረራ በኋላ ካይሮ ላይ አሌክሳንደር ኮንቶሮቪች ከሚባል ፖላንዳዊ ቫዮሊኒስት ሥር ተቀመጡ። ለፒያኖና ለቫዮሊን ያወሉት ልምምድ በቀን 9 ሰዓት ያህል እንደነበር ይነገራል። የካይሮ ሙቀት ጤናቸውን አወከና ወደ አገራቸው ተመለሱ፤ መምህሩም አብሯቸው መጥቶ የክብር ዘበኛ ሙዚቃን መራ። ጣታቸውን ያሰለጠነው ይህ ጽኑ መምህር ነው፤ ይህን መካድ ነውር ነው። ግን በ2015 ዓ.ም. በ99 ዓመታቸው ኢየሩሳሌም ላይ ሲያርፉ ዓለም ያዘነላቸው በፒያኗቸው ነው፤ ያ ፒያኖ ላይ የሚሰማው ዕረፍት፣ እንደ ማኅሌት የሚንገዋለለው እስትንፋስ ከካይሮ የመጣ አይመስለኝም። ጎንደር ላይ የቅዱስ ያሬድን ዜማ አጥንተዋል። መምህሩ እጅ ሰጠ፤ ጆሮው የቤት ነበር።

ያሬድን ካነሳን አይቀር አንድ ልጨምር። ትሉ ዛፍ ላይ ለመውጣት ስድስቴ ወድቆ በሰባተኛው መውጣቱን ለልጆቻችን መተረክ እንወዳለን። የታሪኩን መጀመሪያ ግን እንዘለዋለን። መምህሩ ጌዴዎን ገርፎት ያሬድ ሸሽቶ ነበር እኮ! አርጩሜው አባረረው፤ የመለሰው ትሉ ነው። ዛሬም በቀስት ዘንግ የልጅ ጣት የሚመታ መምህር አለ፤ ‹‹እኛም እንዲህ ነው የተማርነው›› ይላል። የተመታ ጣት ደግሞ ይጠነክራል። የጠነከረ ጣት ቫዮሊን ላይ ከደነዘዘ ጣት አይሻልም። ይህን ለማወቅ ፕሮፌሰር መሆን አያስፈልግም።

አንዳንዶች ‹‹ይህ ሁሉ የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ሥራ ነው፤ የግል መምህር ምን አቅም አለው?›› ይላሉ። ትምህርት ቤቱ ባለውለታ ነው፤ ግን ተማሪ የሚቀበለው ካደገ በኋላ ነው። ጆሮና አንጓ በዚያ ዕድሜ አይጠብቁም። ደግሞም የግል መምህር ስንት ነገር አድኗል! አቶ ዓለሙ አጋ በገናን በልጅነታቸው የተማሩት ከአለቃ ተሰማ ወልደ አማኑኤል ነው። አድገው በያሬድ ትምህርት ቤት አስተማሩ። በደርግ ዘመን በገና ከትምህርት ገበታ ሲነሳ ዕውቀቱ አብሮ ያልጠፋው በሰው እጅ፣ ከአንድ ለአንድ ሲተላለፍ ስለነበረ ነው።

ወደ ደነባ ስንመጣ እውነተኛው ችግር ሌላ ነው። ልጅ ያድጋል፤ ቫዮሊኑ አያድግም። ከአንድ አሥራ ስድስተኛው መጠን ተነስቶ ሙሉው እስኪደርስ ልጁ ስንት ጊዜ መሣሪያ ይቀይራል? ክር በተበጠሰ ቁጥር አዲስ አበባ ይኬዳል? የእኔ መምህር ብልህ ከሆነ ገበያ ቀን ወጥቶ ማሲንቆ የሚሠራ ሰው ይፈልጋል፤ በልጁ ቁመት ልክ ያሠራል። እንጨቱ አለ፣ የፍየል ቆዳው አለ፣ ፈረስ በማይጠፋበት ደጋ ጭራው አይቸግርም፤ ለቀስቱ የሚቀባው ሙጫም ቢሆን ሱቅ ይገኛል። የመጀመሪያው ዓመት ትምህርት፣ ቀስቱን ቀጥ አድርጎ መሳብ፣ ያለ ምልክት ድምፅ ማግኘት፣ የተሰማን ዜማ መልሶ ማውጣት፣ በዚህች አንድ ክር ሊያልቅ ይችላል። ቫዮሊኑ በሁለተኛው ዓመት ይግባ። አባትዬው ምን እንደሚሉ ግን መገመት አይከብድም፤ ቀድመው በዝግታ ጠይቀውታል።