መጀመሪያ ትረጋጋ

ለልምምድ የመጣ የእንስሳት ሕክምና ተማሪ በሦስተኛ ቀኑ ሰዓቱን ሰረቅ አድርጎ አየና፣ «ዶክተር፣ ማሽኑ በአንድ ደቂቃ ቁጥሩን ይነግረን የለ? ለምን ሃያ ደቂቃ ሙሉ እንቀመጣለን?» አለኝ። እሱ ጠረጴዛው አጠገብ ቆሟል፤ እኔ ወለሉ ላይ ተቀምጫለሁ። ድመቷ አፉ በተከፈተ ዘንቢል ውስጥ የባለቤቷን ጋቢ ተከናንባ ጆሮዋን ወደ በሩ ቀስራለች። «ተቀመጥ» አልኩት። ያን ዕለት ከዚህ ሌላ አልመለስኩለትም። ሳልመልስለት የቀረሁትን ነው አሁን የምጽፈው።

«ውሻም ግፊት ይይዘዋል እንዴ?» ለሚሉኝ ባለቤቶች ስመልስ ኖሬያለሁና እዚህ አልደግመውም። ከሙያ ባልደረቦቼ ጋር የማያግባባኝ ነገር ሌላ ነው፦ የምንለካው የማንን ግፊት ነው? የታመመውን እንስሳ ወይስ የፈራውን?

ክሊኒኬ ከሽሮ ሜዳ ቁልቁል በሚወርደው መንገድ ዳር ናት። በሩ ላይ የታክሲ ረዳት «ፒያሳ! ፒያሳ!» እያለ ይጣራል፣ ጎረቤቴ ብየዳ ቤት ብረት ይቆርጣል፣ አግዳሚው ሥር ተራ የሚጠብቅ ውሻ ይጮኻል። ከአዲሱ ገበያ በማዳበሪያ ተደርጋ፣ በታክሲ ወንበር ሥር ተገፍታ የመጣችን ድመት እንደገባች ብለካት 210 ታሳየኛለች። ያቺኑ ድመት ከኋላ ባለችው ጠባብ ክፍል ውስጥ ማንም ሳይነካት ሳቆያት 150 የምትሆንበት ቀን ብዙ ነው። መሣሪያው ሁለቱንም ጊዜ አልዋሸም። በመጀመሪያው ቁጥር መድኃኒት ብጀምርላት ግን በሽታ ላልያዛት ድመት መድኃኒት ሰጠሁ ማለት ነው።

ቦሌ በኩል ክሊኒክ ያለው የድሮ ጓደኛዬ ይህን ሁሉ የጊዜ ብክነት ይለዋል። አውቶማቲክ ማሽን አለው፤ ማሰሪያውን ያጠልቃል፣ ቁልፉን ይጫናል፣ ከሚወጣው ቁጥር ላይ «ለፍርሃቱ» ሃያ ይቀንሳል። በዚህች ሃያ ስንት ማኪያቶ እንደቀዘቀዘብን! ሰውዬው ሰነፍ ስለሆነ አይደለም፤ በቀን የሚያያቸው እንስሳት ብዙ ናቸው፣ ማሽኑም የታችኛውን ቁጥር ጭምር ይሰጠዋል። ሃያ መቀነሱ ግን አይዋጥልኝም። እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት ድመቶች በለመዱት ስፍራ እንዳሉ ግፊታቸውን ሲከታተል ቆይቶ ሐኪም ቤት እንደገቡ በሚመስል ሁኔታ ለካቸው። ጭማሪው በአማካይ 18 ገደማ ነበር። ጓደኛዬ የሚይዘው ይህንን አማካይ ነው። ነገር ግን እዚያው ጥናት ውስጥ ከ70 በላይ የጨመረ አለ፤ ጭራሽ የቀነሰም አለ። ታዲያ ፊትህ ላለችው ድመት የምትቀንሰው የትኛውን ነው? ፍርሃት የሚቀነሰው ከወረቀቱ ላይ ሳይሆን ከክፍሉ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣውና አብዛኞቻችን የምንጠቀምበት መመሪያ የላይኛው ቁጥር ከ140 በታች ከሆነ ሰላም ነው፣ 160 ሲደርስ ግፊት ነው፣ ከ180 ጀምሮ ደግሞ ለዓይን፣ ለአንጎል፣ ለልብና ለኩላሊት አደጋው ከባድ ነው ይላል። ይህን ሁሉም በቃሉ ይዞታል። እዚያው ላይ የሰፈረው ሌላው ነገር ግን ቶሎ ይረሳል፤ ጸጥ ያለ ክፍል፣ ከአምስት እስከ አሥር ደቂቃ ማለማመድ፣ የመጀመሪያውን ልኬት መጣል፣ ቀጥሎ ያሉትን ከአምስት እስከ ሰባት ልኬቶች አማካይ መውሰድ። አሥር ደቂቃ ጸጥ ላለ አገር ይበቃ ይሆናል። ለሽሮ ሜዳ መንገድ እኔ ሃያ አድርጌዋለሁ።

የማሰሪያውንም ነገር ልጨምር። የማሰሪያው ስፋት ከእግሩ ዙሪያ ከሠላሳ እስከ አርባ በመቶ ያህል መሆን አለበት። ከጠበበ ቁጥሩን ከፍ ያደርጋል፣ ከሰፋ ዝቅ ያደርጋል። ስለዚህ ኪሴ ውስጥ የልብስ ሰፊ ሜትር አይጠፋም። ከዚያ ከመዳፏ በታች ትንሽ ጠጉር እላጭና ቅባት አድርጌ የደምን ፍሰት በድምፅ የሚያሰማውን የዶፕለር መሣሪያ ጫፍ አሳርፋለሁ። ድምፁን በጆሮ ማዳመጫ ነው የምሰማው፤ የገዛ ደሟ ሹው ሹው ሲል ድመቷ ከሰማች የሃያ ደቂቃው ልፋት ገደል ገባ። አየር ሞልቼ ድምፁ ሲጠፋ ቀስ ብዬ እለቃለሁ። ድምፁ እንደገና የሚመጣባት ነጥብ ያቺ ናት የላይኛው ቁጥር። አውቶማቲኩ ማሽን ደቃቃ የድመት ምት ሲጠፋው ደጋግሞ ይነፋል፣ ድመቷም በነፋ ቁጥር ትቆጣለች።

የግፊትን ታሪክ ሳነብ አንድ ነገር ከአእምሮዬ አይወጣም። የደም ግፊትን ለመጀመሪያ ጊዜ ለክቶ የጻፈው ስቲቨን ሄልስ የሚባል እንግሊዛዊ ቄስ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1733 አሳተመው። የለካው ሰውን አልነበረም። አንዲት ባዝራ መሬት ላይ አስተኝቶ አሰራት፣ የደም ሥሯን ከፍቶ ረጅም የመስታወት ቱቦ አስገባ፣ ደሙም ከስምንት ጫማ በላይ ወጣ። በዛሬው መለኪያ ሲሰላ ወደ 195 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ይጠጋል። በሰላም ቆማ ሣር የምትግጥ ፈረስ ከዚህ እጅግ ታንሳለች። በዓለም የመጀመሪያው የደም ግፊት ቁጥር የታሰረችና የተጨነቀች እንስሳ ቁጥር ነበር።

እኔም እንዲሁ አስሬ ለክቻለሁ። በሥራዬ በሁለተኛው ዓመት ከእንጦጦ ግርጌ ካለ ግቢ ቡቺ የሚባል ዘበኛ ውሻ መጣልኝ። ማታ ማታ ጅብ ሲወርድ የሚጮህ፣ ዕድሜውን በሰንሰለት የኖረ፣ ክፍል ውስጥ ገብቶ የማያውቅ ውሻ ነው። ሁለት ሰው ተጭኖት፣ አፉን በገመድ አስሬ አንድ ጊዜ ለካሁት፤ 190። ግፊት ነው ብዬ መድኃኒት አዘዝኩ። በትምህርት ቤት የተማርነው በአብዛኛው ስለ ከብት ስለነበር ውሻ ውስጥ ግፊት ማግኘቴ ራሱ አኩርቶኝ ነበር። በአምስተኛው ቀን የግቢው ዘበኛ ጋሼ መጥተው፣ «ልጄ፣ ቡቺ መቆም አቃተው» አሉኝ። ሮጥኩ። ከቤቱ ሥር ተዘርግቷል፣ ድዱ ነጥቷል። መድኃኒቱን አስቆምኩ። ከሦስት ቀን በኋላ ጋሼ አናቱን እያሻሹለት፣ እዚያው ከቤቱ ደጃፍ ላይ ስለካው 135 ሆነ። ውሻው ጤነኛ ነበር። ከዚያ ወዲህ በአንድ ልኬት ብቻ መድኃኒት አዝዤ አላውቅም።

መጠበቅ ደግሞ እውነተኛውን በሽታ አያሳልፍም። ዘንቢሉ ውስጥ ያለችው ድመት ምስክሬ ናት። ባለቤቷ ሽሮ ሜዳ ውስጥ ለውስጥ የሚኖር ሸማኔ ነው። የሸማኔ ጉድጓድ ያየ ያውቀዋል፤ ሠሪው ጠርዙ ላይ ተቀምጦ እግሩን ወደ ታች ሰዶ መርገጫውን ይረግጣል። ይህቺ ድመት አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ እዚያ ጠርዝ ላይ ስትተኛ፣ መወርወሪያው ሲመላለስ በዓይኗ ስትከተል ኖራለች። አንድ ጠዋት ተነሥታ ሁለት እርምጃ ሄደችና ጉድጓዱ ውስጥ ወደቀች። አውጥተው ሲያስቀምጧት ተመልሳ ወደቀች። ቤተሰቡ የሰው ዓይን ነው ብሎ ጸበል ረጭቶባት ነበር። እኔ ዘንድ ስትመጣ ብሌኖቿ በቀን ብርሃን እንደ ሌሊት ተለጥጠው፣ ባትሪ ሲበራባቸው የማይጠቡ ሆነዋል። ሬቲናዋ ከኋላው ተላቅቆ እንደ እርጥብ መጋረጃ ተንጠልጥሏል፣ ዳር ዳሩ ላይ ደም ቋጥሯል። ሃያ ደቂቃዬን ጠብቄ ለካሁ፤ አማካዩ 224። እውነተኛ ግፊት ተኝቶም አይወርድም።

ሰው ላይ አብዛኛው ግፊት መነሻው ይህ ነው አይባልም። ድመትና ውሻ ላይ ግን ብዙውን ጊዜ ከጀርባው ሌላ በሽታ አለ፦ ኩላሊት፣ በድመት የእንቅርት ዕጢ፣ በውሻ ደግሞ ከኩላሊት በላይ ያለው ዕጢ። የእሷ ኩላሊት ነበር። ለድመት ቀዳሚው መድኃኒት አምሎዲፒን ነው፤ ሰው የሚወስደው ያው፣ ከማንኛውም ፋርማሲ በ5 ሚሊግራም ፍሬ የሚገኘው። የተለመደው መነሻ 0.625 ሚሊግራም፣ የፍሬው አንድ ስምንተኛ ነው፤ እንደ እሷ ከ200 ላይ ለወጣች 1.25፣ ማለትም ሩቡ። አቆራረጡን ነጭ ወረቀት ላይ በአዲስ ምላጭ ለሸማኔው አሳየሁት። እጁ ለክር የሠለጠነ ነውና ሩቡን ከእኔ አሳምሮ ቆረጠው።

ሰው የሚወስደውን መድኃኒት ሳነሣ እናቴ ትዝ ትለኛለች። እሷም ግፊት ነበረባት። አንድ ጤና ተቋም ውስጥ ሰልፉ ላይ ቆማ ቆይታ፣ ገና ትንፋሿ ሳይመለስ ተለካችና መድኃኒቷ ተጨመረ። በሳምንቱ ከምድጃው አጠገብ ዞሮባት ወደቀች። ከዚያ በኋላ የሰፈራችን ሲስተር ቅዳሜ ቅዳሜ ቤት ድረስ ትመጣ ጀመር። ቡናው ሲቆላ ትገባለች፣ ቦርሳዋን ሳትከፍት ዱካ ላይ ትቀመጣለች። እናቴ ወሬ ስትጀምር፣ «እማማ፣ ዝም ይበሉ፤ ክንድዎን ትራሱ ላይ ያሳርፉ» ትላታለች። ቡናው ሳይቀዳ፣ የሙቀጫው ድምፅ ሲያበቃ ትለካለች፣ ትጽፋለች፣ እንደገና ትለካለች። እኔ ልጅ ነኝ፤ ከበሩ ሥር ሆኜ የእናቴን ፊት አያለሁ። ሲስተር በመጣች ቁጥር ግንባሯ ሲፈታ አይ ነበር። ሰው ዝም ብሎ አጠገብህ መቀመጡ ራሱ ምን እንደሚያደርግ ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። ጡረታ እስክወጣ ድረስ ወለል ላይ ብቀመጥ የማይታክተኝ ለዚህ ይመስለኛል።

ተማሪው በመጨረሻ ስልኩን አጥፍቶ ግድግዳውን ተደግፎ ተቀመጠ። ውጪ ረዳቱ ይጣራል። ሸማኔው የጋቢውን ጫፍ በጣቶቹ ይዳብሳል። በአሥራ አራተኛው ደቂቃ ግድም የድመቷ ጆሮ ከበሩ ላይ ተነሣ፣ አገጯ መዳፏ ላይ አረፈ። ማዳመጫውን ለልጁ ሰጠሁት። የመጀመሪያውን ልኬት ጣልን፣ ስድስት ወሰድን፤ አማካዩ 148። ከሦስት ሳምንት በፊት 224 ነበረች። «የግራ ዓይኗ አልተመለሰም» አለ ሸማኔው፣ «በቀኙ ግን መወርወሪያውን ትከተላለች።» ልጁ ማዳመጫውን ከጆሮው ሳያወልቅ፣ «አንዴ ልድገመው?» አለኝ።