ድንቅነሽን ስናይ ዓባይን ስንረሳ

ዳይኖሰር ለማየት ብላችሁ አምስት ኪሎ ወዳለው ብሔራዊ ሙዚየም ከሄዳችሁ፣ ቀድማ የምትቀበላችሁ ድንቅነሽ (ሉሲ) ናት። በ1967 ዓ.ም. አፋር ውስጥ ሐዳር ላይ ተገኘች፤ ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ነው። ለዕይታ የቀረበው ቅጂ ነው፤ ዋናው አጥንት ተጠብቆ ተቀምጧል። ይሄ አያስከፋኝም፤ ልኩ የተጠበቀ ቅጂ ቀጥ ብላ በሁለት እግር እንደሄደች በደንብ ያሳያል።

ቅሬታዬ ሌላ ነው። ትርኢቱ ያተኮረው በሰው ዘር አመጣጥ ላይ ስለሆነ፣ ጎብኚው የአገሩ ታሪክ ከድንቅነሽ የጀመረ ይመስለዋል። የዓባይ ገባር በሆነው በጀማ ሸለቆ ግን፣ ጭቃ ጠጥሮ ድንጋይ በሆነ ንጣፍ ውስጥ፣ ወደ 150 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የሆናቸው የዳይኖሰር ጥርሶች ተገኝተዋል። እስቲ በገመድ እንለካው፦ የድንቅነሽ ዕድሜ አንድ ሜትር ቢሆን፣ ለጥርሶቹ 47 ሜትር ያህል ያስፈልገናል።

ይህን ገመድ ግድግዳው ላይ የሚዘረጋ ትርኢት ብናገኝ ደስ ይለኝ ነበር። እስከዚያው ግን ከመርጡለ ማርያም ወደ አዲስ አበባ ስትመጡ ዓባይ በረሃ ላይ እንዳትተኙ። የአውቶቡሱን መጋረጃ ግለጡት፤ እንደ እንጀራ የተደራረበው የኖራ ድንጋይ፣ አገሩ ባሕር በነበረበት በዳይኖሰሮቹ ዘመን የተነጠፈ ነው።