መንገድ እንደ መድረክ፤ ቡሬና ፍኖተ ሰላም በንጽጽር

ስለ ከተማ የሚጻፉ የአማርኛ ድርሰቶች አብዛኛውን ጊዜ መቼታቸው ወይ የገጠሩ ጎጆ ነው፣ ወይ የአዲስ አበባ አስፋልት። በሁለቱ መካከል ያለው የአውራ ጎዳና ከተማ ግን፣ ገበሬው ምርቱን የሚሸጥበት፣ ተማሪው ከወላጆቹ ተለይቶ ቤት የሚከራይበት፣ ባለጉዳዩ ማኅተም የሚያስመታበት ከተማ፣ በአውቶቡስ መስኮት ታይቶ የሚታለፍ መልክ ሆኖ ቀርቷል። ጉድለቱ የመቼት ምርጫ ብቻ ሳይሆን የአመለካከትም ነው። የከተማን ሕያውነት በፎቅ ቁመትና በጩኸት ብዛት የሚለካ ከያኒ እነዚህን ከተሞች ባዶ ሆነው ቢያገኛቸው አይደንቅም።

ለመሆኑ የአንድ ከተማ መሀል ሕያው ነው የሚባለው ምን ሲሆን ነው? ለዚህ ጥያቄ በምዕራብ ጎጃም በአንድ መንገድ ላይ የተቀመጡትን ፍኖተ ሰላምንና ቡሬን ጎን ለጎን ማየት ይጠቅማል። ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር የሚዘልቀው አውራ ጎዳና ደምበጫንና ጅጋን ካለፈ በኋላ መጀመሪያ ፍኖተ ሰላምን፣ ቀጥሎ ማንኩሳን፣ ከዚያም ቡሬን ያገኛል። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው ርቀት ከ30 ኪሎ ሜትር አይበልጥም። በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብ ቆጠራ እያንዳንዳቸው ከ20 ሺህ በላይ ነዋሪ ነበራቸው። በቆሎው አንድ ነው፤ በርበሬው አንድ ነው፤ ቋንቋውም አንድ ነው። የመንገዳቸው ጠባይ ግን ይለያያል፤ የልዩነቱም ምንጭ ከተሞቹ የሚተዳደሩበት ሥራ ነው።

ቡሬ የመገንጠያ ከተማ ናት። ወደ ደቡብ ታጥፎ፣ ዓባይን ተሻግሮ ነቀምት የሚገባው መንገድ የሚነሣው ከእርሷ ነው። በ1933 ዓ.ም. የካቲት ወር የኢጣሊያ ጦር የቡሬን ምሽግ ለቆ ወደ ደብረ ማርቆስ ሲያፈገፍግ፣ ይህን ስፍራ መያዝ ምን ማለት እንደ ነበር ወዳጅም ጠላትም ያውቀው ነበር። በሰላሙ ጊዜ ደግሞ መንገዱ የጭነት ቋንቋ ይናገራል። የበርበሬው ጆንያ ሚዛን ላይ ሲወጣ ብናኙ ገዢውንም ሻጩንም እኩል ያስነጥሳል። ረዳቱ ከመኪናው አናት ላይ ሸራ ይወጥራል፤ ጋሪው ከባጃጁ ጋር መንገድ ይሻማል፤ በቆሎ ጠባሿ ከሰሏን ታራግባለች። የዚህ መድረክ ቃለ ተውኔት አጭርና ፈጣን ነው፤ «ምን ጫንክ? ስንት ገባ?»

ፍኖተ ሰላም በአንፃሩ የመንበር ከተማ ናት። ትናንት የቆላ ደጋ ዳሞት አውራጃ መቀመጫ ነበረች፤ በኋላም የምዕራብ ጎጃም ዞን ዋና ከተማ ሆነች። ፍርድ ቤቱ፣ ሆስፒታሉ፣ የመምህራን ኮሌጁ ከቋሪትም፣ ከሰከላም፣ ከደጋ ዳሞትም ሰው ይጠራሉ። በዚህ መንገድ ላይ ዋናው ተዋናይ የሚጠብቅ ሰው ነው። ራፖር ጸሐፊው ከጥላ ሥር ተቀምጦ የሌላውን ብሶት በራሱ የእጅ ጽሑፍ ያሰፍራል፤ ጋቢ የለበሱት አባት የታጠፈች ወረቀታቸውን በብብታቸው ይዘው ከሻይ ቤቱ በረንዳ ጥግ ያርፋሉ። የሚጠየቁትም ሌላ ነው፤ «አባቴ፣ ጉዳይዎ አለቀ ወይ?» ቢሮ ሲዘጋ ደግሞ ትዕይንቱ ይለወጣል፤ መምህራንና ተማሪዎች ሁለትና ሦስት እየሆኑ መንገዱን ይዘው ሽቅብና ቁልቁል ይመላለሳሉ።

አሜሪካዊቷ ጸሐፊ ጄን ጄኮብስ በ1961 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው መጽሐፍ፣ መንገድን ሕያው የሚያደርጉት በተለያየ ሰዓት፣ በተለያየ ምክንያት የሚወጡ ሰዎችና በመንገዱ ላይ የማይነቀሉ ዓይኖች ናቸው ስትል ተከራክራለች። በዚህ መለኪያ ቡሬ በእንግዳ ብዛት፣ ፍኖተ ሰላም በሰዓት መፈራረቅ ትበልጣለች፤ ፍርዱም እኩል ለእኩል ይወጣል። ነገር ግን መለኪያው ለእኛ ተጨባጭ ሁኔታ አንድ ነገር ይጎድለዋል። ይኸውም ሰው በመንገዱ ላይ መገኘቱን ይቆጥራል እንጂ ምን ሆኖ እንደቆመ አይጠይቅም።

ከሽንዲ በኩል የሚመጣ አንድ የወንበርማ ገበሬ እንውሰድ። ማክሰኞ ቡሬ ገብቶ ከጆንያው አጠገብ ሲቆም ቀጥ ብሎ ነው፤ ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሞ ዋጋ ይጠራል፤ ካልተስማማው ጀርባውን ይሰጣል። ያው ሰው ሐሙስ ስለ መሬት ክርክሩ ፍኖተ ሰላም ሲደርስ ቆቡን ያወልቃል፤ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ ከበሩ ፈንጠር ብሎ ይቆማል። በቡሬ ባለ ንብረት፣ በፍኖተ ሰላም ደጅ ጠኚ ነው። ከመቶ ገጽ መግለጫ ይልቅ የሁለቱን ከተሞች ልዩነት ይህ አቋቋም ይናገራል። ሆኖም ለቡሬ ብቻ ማድላት ስሕተት ይሆናል። በቡሬ የሚሸጠው ያጣ ሰው መንገዱ ላይ ቦታ የለውም፤ በፍኖተ ሰላም ግን ባዶ እጁን የመጣውም በበረንዳው ላይ ይቀመጣል፤ የሚያጽናናው ሌላ ባለጉዳይም አያጣም።

በሁለቱ መካከል ያለችው ማንኩሳ የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» የሚጀምርባት ስፍራ ናት። መጽሐፉ በ1958 ዓ.ም. ከታተመ ወዲህ ማንኩሳን ያላየ አንባቢ እንኳ ያውቃታል። ምክንያቱ የስፍራዋ ትልቅነት አይደለም፤ ደራሲው የማዕረግን ልዩነት በሰው አነጋገርና አቋቋም ውስጥ ማየት መቻሉ ነው። ግራና ቀኝ ያሉት ሁለቱ ከተሞች ይህን የመሰለ ዓይን ገና ይጠብቃሉ።

ጥበቃውም ጊዜ የሚሰጥ አይደለም። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልሉ በተነሣው ጦርነት መንገዱ በየጊዜው እየተዘጋ ቆይቷል። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ስሟ «የሰላም መንገድ» ማለት በሆነው በፍኖተ ሰላም በደረሰው ፍንዳታ ከ20 በላይ ሰዎች አልቀዋል። መንገድ ሲዘጋ ቡሬ ዋጋ የሚጠራ ድምፅዋን፣ ፍኖተ ሰላም የሚጠብቀውን ሰዋን ያጣሉ። በሌላ በኩል የልማቱም ጥያቄ አለ። የቡሬ የተቀናጀ አግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2013 ዓ.ም. ተመርቋል፤ በ2016 ዓ.ም. የአዲስ አበባን ፒያሳ መልክ የለወጠው የኮሪደር ልማትም ወደ ክልል ከተሞች ተስፋፍቷል። የሰፋ መንገድና የተቀነባበረ ምርት የሚጠላ የለም። ነገር ግን ምርቱ ከአጥር ውስጥ ሲገባ ገበሬው በአደባባይ የሚከራከርበት ሚዛን ወዴት ይሄዳል? በረንዳው ሲነሣ ባለጉዳዩ የት ያርፋል? መሐንዲሱ የመንገዱን ስፋት ሲለካ እነዚህን ጥያቄዎች አብሮ መለካት ይገባዋል።

የከያኒው ድርሻ ደግሞ ከዚህ ቀድሞ ይጀምራል። ገበሬው በቡሬ የሚቆመውን ያህል ቀጥ ብሎ በፍኖተ ሰላም ቢሮ ደጃፍ እንዲቆም፣ ባዶ እጁን ያለውም ሰው በፍኖተ ሰላም የሚያገኘውን መቀመጫ በቡሬ እንዲያገኝ መሻት የአንድ ሙሉ ተውኔት ጭብጥ ነው። ገጸ ባሕርዩ አለ፤ ሁለቱ ትዕይንቶችም አሉ። የቀረው ከአውቶቡሱ ወርዶ መንገዱ ዳር አንድ ሙሉ ቀን የሚቀመጥ ጸሐፊ ነው።