ከግልባጩ ጀምሩ

ከጅማ ተነሥቶ በአጋሮና በበደሌ አድርጎ መቱ የሚገባው መንገድ ያዩን አቋርጦ ያልፋል። እዚያ አንድ የቡና ገበሬ በፌስታል የተጠቀለለ ደብዳቤ ከሣጥናቸው አውጥተው ሰጡኝ። ለማዳበሪያ ፋብሪካ ግንባታ ከመሬታቸው ሲነሡ የደረሳቸው ነው። «ልጄ፣ ቡናዬን ሲቆጥሩ እኔም አብሬ ቆጥሬያለሁ» አሉኝ። የእኔ ዐይን ግን ወደ ታች፣ ወደ «ግልባጭ» ወርዷል።

ሰነድ መፈለግ ሥራዬ ከሆነ ወዲህ ደብዳቤ የማነበው ከታች ወደ ላይ ነው። አናቱ ላይ የተጻፈው ደብዳቤው ለማን እንደተላከ ይናገራል፤ ሳይሰማ እንዳይቀር የተፈለገው ማን እንደሆነ የሚያሳብቀው ግልባጩ ነው። ቁጥሩና ቀኑ ደግሞ ወደሚቀጥለው መዝገብ ያደርሳሉ።

በአሜሪካ የጦር መሣሪያ አምራቾች ባለሥልጣናትን ለማግባባት ያወጡትን ገንዘብ በየሩብ ዓመቱ ያስመዘግባሉ። እኛ ዘንድ ወታደራዊ ኢንዱስትሪውን እንዲህ የሚያሳይ መዝገብ ስለሌለ የተበታተነውን ወረቀት በቀን ቅደም ተከተል መደርደር ግድ ይላል።

የያዩን ጉዳይ እንዲህ ደረደርኩት። በ2002 ዓ.ም. ዩኔስኮ የያዩን የቡና ደን በባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት መዘገበ። በዚያው ዓመት የብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን (ሜቴክ) በደንብ ቁጥር 183/2002 ተቋቋመ፤ የተፈቀደለት ካፒታል 10 ቢሊዮን ብር፣ ተቆጣጣሪው መከላከያ ሚኒስቴር። በ2004 የያዩን ማዳበሪያ ፋብሪካ በ11 ቢሊዮን ብር ገደማ ሊገነባ ተዋዋለ። ስኳር ፋብሪካዎችና የሕዳሴው ግድብ የኤሌክትሮ መካኒካል ሥራም እጁ ገቡ። ነሐሴ 2010 ላይ የግድቡን ሥራ ተነጠቀ። ኅዳር 3 ቀን 2011 የያኔው ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ብርሃኑ ጸጋዬ ተቋሙ 37 ቢሊዮን ብር የሚያወጣ የውጭ ግዢ ያለ ጨረታ መፈጸሙን ለጋዜጠኞች ተናገሩ። ያዩ ላይ የቀረው ያላለቀ ፋብሪካ ነው።

ከእነዚህ ውስጥ አብዛኛው ምሥጢር አልነበረም። ደንቡ በነጋሪት ጋዜጣ ታትሟል፤ ማንም ገዝቶ ያነበዋል። የጎደለው አንዱን ከሌላው አጠገብ የሚያስቀምጥ ሰው ነው።

የሌለ ወረቀትም ይመዘገባል። የአዲስ ዘመንን ጥራዝ ገልጬ የጨረታ ማስታወቂያ ሳጣ፣ ከየትኛው ቀን እስከ የትኛው ቀን እንደፈለግሁ እጽፋለሁ። ከዚያ አልፌ «ሰረቁ» አልልም። የያኔው የግዢ አዋጅ 649/2001 ራሱ ከአንድ አቅራቢ በቀጥታ መግዛትን በተወሰኑ ሁኔታዎች ይፈቅድ ነበር፤ ለአገር መከላከያና ደኅንነት ሲባልም የተለየ አሠራር እንዲኖር በር ይተው ነበር። ማዳበሪያ ግን ጥይት አይደለም። ስለዚህ ጥያቄዬ ይጠብባል፦ ማን ፈቀደ? በስንት ቁጥር ደብዳቤ? ግልባጩስ ለማን ነበር? አዋጅ ቁጥር 590/2000 ይህን የመጠየቅ መብት ይሰጠኛል፤ ጥያቄዬን በጽሑፍ አስገብቼ ቅጂው ላይ የገቢ ማኅተም አስመታለሁ። መልስ ቢቀር እንኳ የጠየቅሁበት ቀን በእጄ ይቀራል።

ደብዳቤውን ፎቶ አንሥቼ መለስኩላቸው። ሽማግሌው በፌስታሉ ጠቅልለው ሣጥናቸው ውስጥ ከተቱት።

«የእኔንም ቁጥር ጻፈው እንጂ» አሉኝ።

ማስታወሻዬን ገልጬ መጀመሪያ ቀኑን ጻፍኩ፤ ቀጥሎ የዛፎቹን ብዛት፣ ከዚያ የቆጠረው ማን እንደሆነ።