ከተጣፈው የበረታ መጣፊያ

የተጠገነ ዕቃ ሲቀርብልን አብዛኞቻችን መጣፊያውን በጣታችን ገፋ ገፋ እናደርግና "ጠንካራ ነው" ብለን እንቀበላለን። ፍርዱ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ያረጀ ዕቃ በርካሽ ሲታደስ ወይም ወደ ሌላ አገልግሎት ሲዞር፣ ሥራውን ጥሩ የሚያሰኘው መጣፊያው ከአሮጌው ገላ ጋር መስማማቱ እንጂ ብርታቱ አይደለም። ከተጣፈው የበረታ መጣፊያ ጉዳቱን ወደ ጎን ያሻግረዋል። በወንጌል በአሮጌ ልብስ ላይ ስለሚጣፍ አዲስ እራፊ የተነገረው ምሳሌ የቆመው በዚሁ የልብስ ጣፊ እውቀት ላይ ነው፤ ውኃ ያልነካው ጨርቅ ሲታጠብ ይሰበሰባል፣ የሳሳውን ዙሪያም ይዞ ይቀድደዋል። ይህን ነገር ለመመርመር የጋሞ ዞን ከብዙ ቦታ ይሻላል፤ እዚያ በጥገና ላይ የተመሠረተ አንድ ሙሉ የቤት አሠራር አለና።

ከአርባ ምንጭ ወደ ጨንቻ በሚወስደው ዳገት ላይ የሚታዩት የዶርዜ ቤቶች ከተሰነጠቀ ቀርከሃ ተሸምነው፣ በእንሰት ቅጠልና በቀርከሃ ቅርፊት ተከድነው የሚቆሙ ናቸው። አዲስ ሲሠሩ ቁመታቸው እስከ 12 ሜትር ይደርሳል። እንግዳ ሰው ከፍታውን ለግርማ ሞገስ ብቻ የተጨመረ ያደርገዋል፤ ግርማስ አለው፣ ግን በዚያ ከፍታ ውስጥ ለምስጥ የተተወ ድርሻም አለበት። መሬት የነካው የቀርከሃ ጫፍ በዓመታት ውስጥ በምስጥና በእርጥበት ይበላል፤ ያን ጊዜ የተበላው ተቆርጦ ይወጣና ቤቱ ያንኑ ያህል ዝቅ ይላል። ላይኛው ክፍል በምድጃው ጭስ ሲታጠን ስለሚኖር ነፍሳት በቀላሉ አይደፍሩትም። አንድ ቤት እንዲህ እያጠረ 60 ዓመትና ከዚያም በላይ ያገለግላል፤ ሲያስፈልግ ጎረቤት ተሰብስቦ ከነክዳኑ አንስቶ ወደ ሌላ ቦታ ይወስደዋል። ለመኖሪያ ሲያንስ ደግሞ ማድቤት ወይም የከብት ማደሪያ ይሆናል። እንዲህ ያለውን ቤት የሚመረምር ሰው መጀመሪያ ማየት ያለበት የታችኛውን ጠርዝ ነው። ቁርጡ ዙሪያውን እኩል ካልሆነ ሸክሙ ረዘም ብለው በቀሩት ጥቂት ስንጣሪዎች ላይ ያርፍና ያጎብጣቸዋል። ቀጥሎ ማሰሪያውን ይይ። ቀርከሃ በርዝመቱ የሚሰነጠቅ ነገር በመሆኑ ሚስማር የገባበት ቦታ ሁሉ የስንጥቅ መነሻ ነው፤ ሽቦም ሲጠብቅ ይቆርጠዋል፣ ሲዝግ ይለቀዋል። የቃጫ ወይም የሐረግ ማሰሪያ ለዓይን ደካማ ይመስላል፤ ክፉ ቀን ሲመጣ ግን የሚበጠሰው እሱ ብቻ ነው፣ ቀርከሃው ደኅና ይቀራል። ጎበዝ ሠሪ መበላሸት የማይቀር ከሆነ የሚበላሸው ርካሹና በቀላሉ የሚተካው ክፍል እንዲሆን አስቀድሞ ያሰናዳል።

በዚህ ዓይን ሲታይ ብዙ የተመሰገነ ጥገና ይወድቃል። የተሰነጠቀ የጭቃ ግድግዳ በሲሚንቶ ሲለሰን ለጊዜው ያምራል። ሲሚንቶው ግን ግትር ነው፤ ጭቃው እርጥበት ሲያገኝ ሲያብጥ፣ ሲደርቅ ሲኮማተር ልስኑ አብሮት አይንቀሳቀስም። በሁለቱ መካከል ክፍተት ይፈጠራል፣ በስንጥቁ የገባው ውኃ መውጫ ያጣል፣ በመጨረሻም ልስኑ የግድግዳውን ፊት ገፎ ይወርዳል። በጣት አንጓ ሲመታ ባዶ ድምፅ የሚሰጥ ልስን፣ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ከግድግዳው ተለያይቷል። በጭድ በደንብ የተቦካ ጭቃ ግን፣ ስንጥቁ ተፍቆ፣ አቧራው ተጠርጎ፣ ውኃ ተረጭቶበት ከተመረገ ከአሮጌው ጋር አንድ ገላ ይሆናል። ሸማም ላይ ነገሩ ያው ነው፤ ከዶርዜ እስከ አዲስ አበባው ሽሮ ሜዳ በሽመና ስም ላተረፈ ሕዝብ ይህን ማስረዳት አያስፈልግም። የተቀደደ ጋቢ በናይለን ክር ሲሰፋ ክሩ አይበጠስም፤ የሚበጠሰው አጠገቡ ያለው ጥጥ ነው፣ ቀዳዳውም ሰፍቶ ይመለሳል።

ቦታም ይፈርዳል። አርባ ምንጭ 1,300 ሜትር ገደማ፣ ጨንቻ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናቸው፤ በመካከላቸው ያለው መንገድ 40 ኪሎ ሜትር አይሞላም። በአርባ ምንጭ ሲቀላ ሰፈር የቆርቆሮ ጣሪያ ቀን ሲግል ይለጠጣል፣ ሌሊት ይሰበሰባል፤ በየቀኑ የሚደጋገመው ይህ እንቅስቃሴ የሚስማሩን ቀዳዳ ያሰፋዋል። ቀዳዳው ላይ የተለቀለቀ ካትራሜ በፀሐይ እየደረቀ ይሰነጠቃል። ከአሮጌ ጎማ የውስጥ ላስቲክ ተቆርጦ በሚስማሩ ራስ ሥር የገባ ጎሚኒ ግን ከቆርቆሮው ጋር እየተሳበ ቀዳዳውን ይዘጋል፤ ሲያረጅም በሌላ ቁራጭ ይተካል። ይህን ሥራ ሲያዩ ሚስማሩ የተመታው በቆርቆሮው ጀርባ ላይ ነው ወይስ ውኃ በሚወርድበት ቦይ ላይ የሚለውን ይመልከቱ። ጎሚኒውም ሳይጨፈለቅ የተጫነ መሆን አለበት፤ ተጨፍልቆ ጠርዙ ከተቀደደ መዶሻው በዝቶበታል። ጨንቻ ላይ ዋናው ጠላት እርጥበት ነው። የተሰነጠቀ የዱካ እግር እዚያ በቆርቆሮ ሲጠቀለል ውኃው ውስጥ ይታሰርና እንጨቱ ከማንም ሳይታይ ይበሰብሳል።

በዚህ ሐሳብ ላይ የሚነሳው ከባዱ ተቃውሞ የድካም ጉዳይ ነው። ለስላሳ መጣፊያ መደጋገምን ይጠይቃል፤ ጭቃውን ደግማ የምትመርገው ደግሞ ብዙ ጊዜ ሌላ ሥራ የበዛባት የቤቱ እመቤት ናት። ይህን አቅልሎ ማለፍ ነውር ነው። መልሱ ያለው ግን ጠንካራ ልስን ላይ አይደለም፤ ድካሙን የሚያመጣው ምክንያት ላይ ነው። ግድግዳው በየክረምቱ የሚፈርሰው የጣሪያው ክፈፍ አጥሮ ወይም ሥሩ ድንጋይ አጥቶ ከሆነ፣ አንድ ስንዝር ቆርቆሮ መጨመርና ከታች ድንጋይ መደርደር ምርጊቱን ለዓመታት ያቆየዋል። ምክንያቱን ሳይጠይቅ ቁስሉን ብቻ የሚሸፍን ጥገና፣ በቃጫም ይሁን በሲሚንቶ፣ ያልተጨረሰ ሥራ ነው። ሌላው ተቃውሞ "አሮጌ ከመጣፍ አዲስ መግዛት ይሻላል" የሚለው ነው። አዲሱ ዕቃም በዚሁ መለኪያ ይመዘን። በአንድ ቅርጽ የወጣ የፕላስቲክ ወንበር እግሩ ሲሰበር ከቆራሌው በቀር ፈላጊ የለውም። ከመኪና ጎማ የተቆረጠ በረባሶ ግን ማሰሪያው በሶሉ ስንጥቅ ውስጥ የገባ እንደሆነ፣ ሲበጠስ ማሰሪያውን ብቻ ቀይሮ መንገድ መቀጠል ይቻላል። በጋሞ ደጋ ሸክላ ሠሪውና ቀጥቃጩ ለረጅም ዘመን ዝቅ ተደርገው ሲታዩ መኖራቸው ግፍ ነው፤ የቁሳቁስን ጠባይ ከማንም በላይ የሚያውቁትን ሰዎች ማራቅም ነበር። ዛሬም ጠጋኙን "አዲስ አስመስሎታል" ብሎ መክፈል እውቀቱን አለማየት ነው። መገጣጠሚያውን ቀለም ከመቀባቱ በፊት ማየት እንደሚፈልጉ ይንገሩት፤ በሥራው የሚተማመን ሰው አይከፋም።

መስማማት ብቻውን የማይበቃባቸው ነገሮችም አሉ። የኤሌክትሪክ ሽቦ በፌስታል ተጠቅልሎ ጥገና አይባልም። በአርባ ምንጭ ዙሪያ ባሉ የእርሻ ቦታዎች የፀረ ተባይ መድኃኒት የያዘ ጄሪካንም ለመጠጥ ውኃ መዞር የለበትም፤ ፕላስቲኩ መርዙን ወደ ውስጡ ስለሚመጥ በሳሙና ቢፈገፈግም፣ በአመድ ቢታሽም አይለቅም። ሽታው መጥፋቱ ማረጋገጫ አይሆንም። የእህል መስፈሪያም፣ የከብት ውኃ መቅጃም፣ የጎመን መትከያም አይሁን። እንዲህ ያለው ጄሪካን ሦስት ጊዜ ይታጠብ፣ እጣቢው ወደ መርጫው ታንክ ይመለስ፣ ከዚያ ማንም አንስቶ እንዳይገለገልበት ታችና ጎኑ ይበሳ።