«የሰው ልጅ» ሲባል የማን ልጅ? የኪንሴይን መጽሐፍ እንደገና ስናነበው

ስለ ሰው ልጅ ወሲባዊ ሕይወት የሚያስተምር የኮሌጅ መግቢያ ኮርስ ብትወስዱ፣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አንድ ስም መስማታችሁ አይቀርም፦ አልፍሬድ ኪንሴይ። አሜሪካዊ ነው። በ1948 ስለ ወንዶች፣ በ1953 ደግሞ ስለ ሴቶች ሁለት ወፋፍራም መጻሕፍት አሳተመ (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የመጀመሪያው ከ800 ገጽ በላይ ሆኖ፣ በሰንጠረዥና በግራፍ ታጭቆ፣ የሕክምና መጻሕፍት በሚያትም ድርጅት በኩል ወጥቶ፣ እንደ ልብ ወለድ ተቸበቸበ። ዛሬ ብዙ ሰው መጽሐፉን አያነበውም፤ ቁጥሮቹን ግን ይጠቅሳል። እኔ እዚህ የምጠይቀው ቁጥሮቹ ምን ያህል እንደሚያስኬዱ ነው። መልሴን ቀድሜ ልናገር፦ ኪንሴይ ሰውን መጠየቅ እንዴት እንደሚቻል ካስተማሩን ሰዎች አንዱ ነው፤ ማንን መጠየቅ እንዳለብን ግን ከሱ አንማርም።

ሰውየው በሙያው የነፍሳት ተመራማሪ ነበር። የኦክ ዛፍ ቅጠልና ቅርንጫፍ ላይ እብጠት የሚያወጡ ደቃቅ ተርቦችን ከሃያ ዓመት ያላነሰ ጊዜ ሰብስቧል። አንድ ሁለት ሺህ እንዳይመስላችሁ፤ ሚሊዮኖችን ነው። ስብስቡ ከሞተ በኋላ ኒውዮርክ ለሚገኘው የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ተሰጠ። ከዚህ ሁሉ ልፋት ያተረፈው አንድ ጽኑ እምነት ነው፦ ሁለት ተርቦች አንድ ዓይነት አይደሉም፣ «የተለመደው ተርብ» የሚባል ነገርም የለም። ይህን ዓይኑን ይዞ ነው ወደ ሰው የመጣው።

እንዴት መጣ? በ1938 ይሠራበት የነበረው የኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ ስለ ትዳር የሚያስተምር ኮርስ ከፈተና እሱ እንዲመራው ሆነ። ተማሪዎቹ ጥያቄ አዥጎደጎዱበት። «ይሄ ነገር የጤና ነው? ሌላውም ሰው እንዲህ ያደርጋል?» ኪንሴይ መልስ ፍለጋ ወደ ቤተ መጻሕፍት ሄደ። ያገኘው ባብዛኛው የሐኪሞች ግምትና የሥነ ምግባር ስብከት ነበር፤ የተቆጠረ ነገር እምብዛም የለም። ስለዚህ ራሱን ተማሪውን መጠየቅ ጀመረ። በ1940 የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት «ወይ ኮርሱን ወይ ጥናቱን ምረጥ» ሲሉት ጥናቱን መረጠ። እንግዲህ ያ ሁሉ ነገር የተወለደው ከአንድ መግቢያ ኮርስ ተማሪዎች ጥያቄ ነው ማለት ነው።

አሁን ወደ መጽሐፉ ምርጥ ክፍል እንግባ። ስለ ቃለ መጠይቁ የተጻፈውን ምዕራፍ ማለቴ ነው። ዛሬም ቢሆን መጠይቅ ይዞ መስክ የሚወጣ ተማሪ ሁሉ ቢያነበው አይቆጭም። አንድ ቃለ መጠይቅ እስከ 521 የሚደርሱ ነጥቦች ነበሩት። መልሱ በምስጢር ኮድ ነበር የሚመዘገበው፤ ኮዱን የሚያውቁት እሱና ጥቂት ባልደረቦቹ ብቻ ናቸው። ጠያቂው ጥያቄዎቹን በቃሉ ስለያዘ ወረቀት እያገላበጠ ሳይሆን ፊት ለፊት እያየ ነው የሚያወራው። ዋናው ብልሃት ግን አጠያየቁ ላይ ነው። «እንዲህ አድርገህ ታውቃለህ?» ብሎ አይጠይቅም። «ለመጀመሪያ ጊዜ ያደረግኸው በስንት ዓመትህ ነው?» ይላል። ልዩነቱ ይታያችኋል? በመጀመሪያው አጠያየቅ መካድ ቀላል ነው፤ «አላውቅም» ትላላችሁ፣ አለቀ። በሁለተኛው ግን ነገሩ እንግዳ እንዳልሆነ ጠያቂው አስቀድሞ ነግሯችኋል። የመካድ ሸክሙ ወደ መላሹ ይዞራል።

ሌላው ቃላቱ ናቸው። ኪንሴይ ጠያቂው የተጠያቂውን ቋንቋ እንዲናገር ይፈልግ ነበር፤ ለሐኪሙ የሐኪም ቃል፣ ለመንገድ ልጅ የመንገድ ቃል። ይሄ በአማርኛ ምን ማለት እንደሆነ ለአፍታ አስቡት። ጤና ጣቢያ ግድግዳ ላይ «የግብረ ሥጋ ግንኙነት» ተብሎ ተጽፏል። ቤተ ክርስቲያን «ሩካቤ» ትላለች። ሰፈር ውስጥ «ተገናኙ»፣ «አብረው አደሩ»፣ «ወንድ አወቀች» ይባላል። ሌሎቹን እዚህ አልጽፋቸውም፤ ታውቋቸዋላችሁ። እነዚህ ቃላት አንድ ነገር የሚሉ ይመስላሉ፣ ግን አይደሉም። «ወንድ አወቀች» የሚለው ድንግልና ማጣትን ይናገራል፤ «አብረው አደሩ» ምንም ላይናገር ይችላል። መጠይቁ የትኛውን ቃል እንደመረጠ ሳታውቁ የወጣውን ቁጥር ማመን አስቸጋሪ ነው።

እስከዚህ ድረስ ባርኔጣዬን አነሳለታለሁ። ችግሩ የሚጀምረው «ማን መለሰ?» ስንል ነው።

የ1948ቱ መጽሐፍ ርዕስ «የወንድ የሰው ልጅ ወሲባዊ ባሕርይ» የሚል ትርጉም አለው። የሰው ልጅ! ውስጡ ያሉት ግን 5,300 ያህል ነጭ አሜሪካውያን ወንዶች ናቸው። የጥቁር አሜሪካውያን ቃለ መጠይቆች ተሰብስበው ነበር፤ ሰንጠረዦቹ ውስጥ አልገቡም። ከ5,300ዎቹም መካከል እስረኞች ከሕዝቡ ድርሻቸው በላይ በዝተዋል፣ የኮሌጅ ልጆችም እንዲሁ። የቀሩት በፈቃዳቸው «እኔ ልንገርህ» ብለው የመጡ ናቸው።

«5,300 ሰው ብዙ አይደል እንዴ?» ትሉ ይሆናል። እስቲ ወጥ አስቡ። እናታችሁ ጨው ለመቅመስ ድስቱን ሙሉ አይጠጡትም፤ አማስለው አንድ ጠብታ መዳፋቸው ላይ ያደርጋሉ፣ በቃ። ካልተማሰለ ግን ከላይ አሥር ጭልፋ ብትቀዱ የምታውቁት ስለ ዘይቱ ብቻ ነው። በስታቲስቲክስ ማማሰሉ ዕጣ ማውጣት ነው፤ እያንዳንዱ ሰው የመመረጥ ዕድሉ እንዲታወቅ ማድረግ። የአሜሪካው «ሊተረሪ ዳይጀስት» መጽሔት በ1936 ከ2 ሚሊዮን በላይ የምርጫ ድምፅ ግምት ሰብስቦ ሩዝቬልት ይሸነፋሉ አለ፤ ሩዝቬልት ግን በሰፊ ልዩነት አሸነፉ። ድስቱ አልተማሰለም ነበር።

ኪንሴይ ይህን ፈጽሞ አላየውም ማለት ግን ሐሰት ነው። አንድ ክፍል ወይም ክለብ ሲያገኝ አንድም ሰው ሳይቀር ሁሉንም ለመጠየቅ ይጥር ነበር፤ ከናሙናው ሩብ ያህሉ የመጣው እንዲህ ነው። ዕጣ ያልተጠቀመውም ሰው ስሙ በዕጣ ስለወጣ ብቻ ይህን ሁሉ ምስጢር አይነግረኝም ብሎ ነው። በጊዜው ምክንያታዊ ይመስላል። ግን ዋጋ አስከፈለው። ዊልያም ኮክራን፣ ፍሬድሪክ ሞስተለርና ጆን ተኪ የተባሉ ሦስት ስመ ጥር የስታቲስቲክስ ሊቃውንት ሥራውን መርምረው በ1954 በመጽሐፍ አወጡት፦ ከቀደሙት ጥናቶች ሁሉ ይሻላል፣ ነገር ግን ከናሙናው ወደ መላው ሕዝብ መዝለል አይቻልም፤ ትንሽም ቢሆን በዕጣ የተመረጠ ናሙና መጀመር አለበት። ከነሱ ቀደም ብሎ በ1952 አብርሃም ማስሎው (አዎ፣ የፍላጎት ፒራሚዱ ማስሎው) ከጄምስ ሳኮዳ ጋር ሆኖ ለኪንሴይ ጥናት በፈቃዳቸው የሚመጡ ተማሪዎች በራስ መተማመናቸው ከሌሎቹ ከፍ ያለ መሆኑን አሳይቶ ነበር። በራሱ የሚተማመን ሰው ከልማድ ለመውጣትም ይደፍራል። ስለዚህ ከልማድ የወጣው በናሙናው ውስጥ ይበዛል ማለት ነው።

የኪንሴይ ባልደረባ የነበረው ፖል ጌብሃርድ በ1979 እስረኞቹን ለይቶ ቁጥሮቹን እንደገና አወጣ፤ አብዛኛው ብዙም አልተለወጠም። ተከራካሪዎቹ ይህን እንደ ነፃ መውጫ ደብዳቤ ያነሱታል። አይደለም። ከድስቱ ላይ ቃሪያውን ብታወጡም ያልተማሰለ ያልተማሰለ ነው፤ የፈቃደኞቹ ጉዳይ እንዳለ ይቀራል።

በጣም የታወቀውን ቁጥር ውሰዱ፣ «10 በመቶ»ን። ብዙ ቦታ «ከሰው 10 በመቶው ግብረ ሰዶማዊ ነው» ተብሎ ይጠቀሳል። መጽሐፉ ያለው እንዲህ አይደለም። በ16 እና በ55 ዓመታቸው መካከል ቢያንስ ለሦስት ዓመት ያህል ከሞላ ጎደል ከተመሳሳይ ፆታ ጋር ብቻ ግንኙነት የነበራቸው ነጭ ወንዶች ናቸው ነው ያለው። ኤድዋርድ ላውማንና ባልደረቦቹ በ1994 ባሳተሙት ጥናት 3,432 አሜሪካውያንን በዕጣ መርጠው ሲጠይቁ፣ ራሱን በዚህ የጠራው ከወንዶች 2.8 በመቶ፣ ከሴቶች 1.4 በመቶ ነበር። አንዱ ድርጊት ይቆጥራል፣ ሌላው መጠሪያ፤ ጎን ለጎን አስቀምጦ ማወዳደርም ያሳስታል። በየወገኑ ያሉ ተከራካሪዎች በዚህ ቁጥር ሲጓተቱ ሳይ ይገርመኛል። አንድ ሰው ክብር ይገባው አይገባው እንደሆነ በመቶኛ አይወሰንም።

ላውማን ያንን ጥናት የሠራው በመንግሥት ገንዘብ አልነበረም። በ20,000 ሰው ታቅዶ ነበር፤ ፖለቲከኞች በጀቱን አስቆሙትና የግል ፋውንዴሽኖች ባወጡት ገንዘብ በትንሹ ተሠራ። በእንግሊዝም የማርጋሬት ታቸር መንግሥት በ1989 ተመሳሳይ ጥናት አልደግፍም ብሎ ዌልካም ትረስት የተባለው ድርጅት ከፈለ፤ 18,876 ሰዎች ተጠየቁ። ያ ወቅት የኤችአይቪ ወቅት ነው። በሽታው በማን በኩል፣ በምን ፍጥነት እንደሚዛመት ለማስላት የሚያስፈልገው ቁጥር ያሳፍራል ተብሎ ሊቀር ነበር።

አንድ ነገር ደግሞ በዝምታ ማለፍ አልችልም። የ1948ቱ መጽሐፍ ስለ ሕጻናት የሚያቀርባቸው አንዳንድ ሰንጠረዦች ከሳይንስ ምልከታ የመጡ አይደሉም፤ በሕጻናት ላይ ወንጀል ሲፈጽም ከኖረ ሰው መዝገብ የተወሰዱ ናቸው። መጽሐፉ ይህን እንደ ተራ ዳታ ያስቀምጠዋል። ዛሬ ማንኛውም የሥነ ምግባር ኮሚቴ በሩን ይዘጋበታል፤ ያኔም ቢሆን መዘጋት ነበረበት። ጥፋቱ በአጋጣሚ የመጣ አይመስለኝም። ሁሉንም ነገር «መውጫ» ብሎ በአንድ ዓምድ የሚደምር ሒሳብ፣ በፈቃድና በግዳጅ መካከል ያለውን ገደል ለማየት አልተሠራም። ሃያሲው ላዮኔል ትሪሊንግ ገና በ1948 ይህን ጠቁሞ ነበር፤ መጽሐፉ «እኔ እውነታ ብቻ ነው የማቀርበው» እያለ፣ ቆጠራው ውስጥ የራሱን ፍርድ እንደሚያስገባ። ተርብ ፈቃዱን አይጠየቅም፤ ሰው ግን ይጠየቃል።

ናሙናው ቢስተካከልስ፣ ሰው እውነቱን ይናገራል? በእንግሊዝ ከ2010 እስከ 2012 በተደረገው ጥናት ወንዶች በዕድሜያቸው ያጋጠሟቸውን ተቃራኒ ፆታ ጓደኞች በአማካይ 14 ሲሉ፣ ሴቶች 7 አሉ። ወረቀት አውጡና ሞክሩት፦ ለአንድ ግንኙነት አንድ ወንድና አንድ ሴት ያስፈልጋሉ፤ የወንዱና የሴቱ ቁጥር ከተቀራረበ አማካዩ መቀራረብ ነበረበት። ታዲያ ማን ዋሸ? በ2003 የታተመ የሚሼል አሌክሳንደርና የቴሪ ፊሸር ሙከራ ፍንጭ ይሰጣል። የኮሌጅ ተማሪዎችን በሦስት ሁኔታ ጠየቁ። መልሳቸውን ሰው ሊያይባቸው እንደሚችል ሲያስቡ ሴቶቹ በአማካይ 2.6፣ ወንዶቹ 3.7 አሉ። ውሸት ይለያል ከተባለ (ግን ከማይሠራ) ማሽን ጋር ሲያያዙ ሴቶቹ 4.4፣ ወንዶቹ 4.0 አሉ። የወንዶቹ ብዙም አልተንቀሳቀሰም፤ ከፍ ያለው የሴቶቹ ነው። ለምን መሰላችሁ? ለወንድ ቁጥሩ ሲበዛ ጀብዱ፣ ለሴት ስም ማጥፊያ በሆነበት ቦታ፣ ሴቷ ለጠያቂው ብቻ ሳይሆን ለሰፈሩ ጭምር ነው የምትመልሰው።

እኛስ ጋ? የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ በ2016 15,683 ሴቶችንና 12,688 ወንዶችን ጠይቋል። ቤተሰቦቹ የተመረጡት በዕጣ ነው፤ እዚህ ላይ ከኪንሴይ ይበልጣል። የመጠይቁ ቃል ግን የሱን ብልሃት ይመስላል፦ «ለመጀመሪያ ጊዜ ግንኙነት ስታደርጊ ዕድሜሽ ስንት ነበር?» ነው የሚለው፤ «አድርጌ አላውቅም» የምትል መልሷ ለብቻው ይመዘገባል። ከ25 እስከ 49 ዓመት ባሉ ሴቶች መካከል የመሃለኛው ዕድሜ 16.6 ሆነ፤ የመጀመሪያ ጋብቻቸው መሃለኛ ዕድሜ 17.1። በወንዶች (ከ25 እስከ 59) 21.2 እና 23.7። በሴቶቹ ሁለቱ ቁጥሮች መካከል ግማሽ ዓመት ብቻ መኖሩን ልብ በሉ። አንድ መንገድ ለማንበብ፦ ለብዙዎቹ ግንኙነት የጀመረው በጋብቻ ነው። ሌላ መንገድ፦ ከጋብቻ በፊት የሆነውን ቤቷ ተቀምጣ ለምትጠይቃት እንግዳ መናገር የከበዳት ሴት፣ ሁለቱን ዕድሜዎች አቀራርባ ነግራታለች። የትኛው ምን ያህል እንደሆነ ቁጥሩ ብቻውን አይለይም። አንድ ነገር ግን በሁለቱም ንባብ አይነቃነቅም፤ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ከ2000 ጀምሮ የጋብቻ ዕድሜን 18 አድርጓል፣ ከነዚህ ሴቶች ግማሽ የሚበልጡት ደግሞ ያገቡት 18 ሳይሞላቸው እንደሆነ ራሳቸው ተናግረዋል።